ሁሉም ፎከር ቀይ አልነበረም፦ ስለ ጥንታዊ የጦር አውሮፕላን ሞዴሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ አንድ ካፌ ገብታችሁ ባለ ድርብ ክንፍ የአውሮፕላን ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ፣ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ቆም ብሎ ያያል፣ ይጠይቃል፣ አስተያየትም ይሰጣል። ከአስተያየቶቹ መሀል ተደጋግመው የሚመጡ አሉ። አንዳንዶቹ ጀማሪውን ከሥራው ያርቁታል። አንዳንዶቹ ደግሞ በደንብ የተገጣጠመ ሞዴል ቀለም ላይ ሲደርስ ያስበላሹታል።

«የልጅ መጫወቻ ነው»

መጫወቻ የሚሠራው እንዳይሰበር ነው። ሞዴል የሚሠራው ልኩን እንዲጠብቅ ነው። 1/72 ሲባል እያንዳንዱ ርዝመት በ72 ተካፍሏል ማለት ነው። የእንግሊዞቹ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ሶፕዊዝ ካሜል ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.53 ሜትር ነበር። በ1/72 ወደ 11.8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ከሳታችሁ፣ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ ስታችኋል።

«የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገባን?»

ከሁሉም በላይ የሚቆረቁረኝ ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ከአውሮፕላን ላይ ቦምብ መጀመሪያ የተጣለው አውሮፓ ውስጥ አይደለም። አፍሪካ ውስጥ፣ ሊቢያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1911 ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ ጣሊያናዊ መኮንን፣ ታውበ በሚባለው አውሮፕላን እየበረረ፣ ኦቶማኖች የሰፈሩበት ቦታ ላይ ትናንሽ ቦምቦችን በእጁ ወረወረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ገና ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። አብራሪው አንድሬ ማዬ ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በተካሄደው የአንቺም ጦርነት፣ የመንግሥት አውሮፕላን የራስ ጉግሣ ወሌን ጦር ከአየር ደበደበ። ቀደም ብሎም ወረቀት በትኖ ነበር። ፖቴዝ 25 ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ 14.14 ሜትር የሆነ ባለ ድርብ ክንፍ ነው። ኪቱ (ተገጣጣሚ የሞዴል ክፍሎቹ ስብስብ) በ1/72 ወጥቷል፤ ተሠርቶ ሲያልቅ 20 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የበረረውን ፖቴዝ ሠርቶ መደርደሪያው ላይ የሚያቆም ሰው ከእኛ ካልወጣ ከየት ይወጣል?

«ፀሐይ» የምትባል አውሮፕላንም አለች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ አዲስ አበባ የሠራት ናት። በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ ስሟንም ከልዕልት ፀሐይ አገኘች። ጣሊያኖች ወሰዷት። ለአሥርት ዓመታት እዚያው ሙዚየም ቆይታ በ2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቃች። የጦር አውሮፕላን ናት ማለት ባይቻልም፣ ከዚያው ከእንጨትና ከጨርቅ ዘመን ናት። ኪት ባይገኝላት እንኳ ከቀጭን ፕላስቲክና ከካርቶን ከባዶ ተነሥቶ መሥራት ይቻላል። ለዚህ አባባል ከእሷ የተሻለ መልስ የለኝም።

«ባለ ሦስት ክንፉ ፎከር ቀይ ነው»

ፎከር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖች ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ቀይ የነበረው የጀርመናዊው አብራሪ የማንፍሬድ ፎን ሪሽቶፈን፣ ማለትም የ«ቀዩ ባሮን» ነው። ፎከር ዲአር 1 በድምሩ 320 ተሠርቷል። ከነዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቀይ የተቀቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ባሮኑ ራሱ ካስመዘገባቸው 80 ድሎች (ከጣላቸው አውሮፕላኖች) በባለ ሦስት ክንፉ ያገኛቸው 19 ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹን ያገኘው በባለ ድርብ ክንፉ አውሮፕላን በአልባትሮስ ነው። ፎከሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ከላይና ከጎን ወይራማ አረንጓዴ ሰረዝ ሰረዝ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ፈካ ያለ ሰማያዊ።

«ያለ ኤርብራሽ አያምርም»

ኤርብራሽ ቀለምን በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ ነው። እንዲያውም እዚህ ላይ ብሩሽ ይበልጣል። የፎከርን ሰረዞች የፋብሪካው ሠራተኞች የቀቡት በብሩሽ ነው። ሞዴሉንም እንደዚያው አድርጉት። መጀመሪያ ክንፉን ሙሉ በሙሉ የተልባ እግር ጨርቅ ቀለም ቀቡት፤ ክሬም መሳይ ነው። አንድ ቀን ይደር። ከዚያ ብሩሹን አረንጓዴ ውስጥ ነክራችሁ ሶፍት ላይ ጥረጉት። ሊደርቅ ሲል ክንፉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳብ ሳብ አድርጉት። ክሬሙ በሰረዞቹ መሀል እየታየ ይቅር፤ አትሸፍኑት። ኤርብራሽ ይህንን መልክ አይሰጥም፤ ጭጋግ መሳይ ያደርገዋል።

የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ስለሆነ አክሪሊክ ቀለም ብሩሹ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን እጅግ በጣም ትንሽ ጠብ ብታደርጉበት ይዘገያል። የጋራዥ ቲነር ግን አደራ! ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መሞከር ካለባችሁ ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ትርፍ ፍሬም ላይ ሞክሩ።

«ሽቦዎቹ ጌጥ ናቸው፤ ቢቀሩም ምንም አይደል»

በክንፎቹ መሀል የተወጠሩት ሽቦዎች ባይኖሩ ካሜል ክንፉ ታጥፎ ይወድቅ ነበር። ግማሾቹ በበረራ ላይ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ይይዛሉ። ግማሾቹ ደግሞ መሬት ላይ ሲሆን ወደ ታች እንዳይወርድ። ሽቦ የሌለው ሞዴል ክንፉን ምን እንደያዘው አይታወቅም።

ለዚህ ደግሞ ውጭ አገር ማዘዝ አያስፈልግም። የሰው ጸጉር ውፍረቱ በአማካይ 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ72 ብታባዙት 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ለእውነተኛው ሽቦ የቀረበ ነው። ከጸጉር ቤት የምታገኙት ሂዩማን ሄር አንድ ዘለላው ይበቃል። ክፍተቱን በኮምፓስ ለኩ፣ ጸጉሩን በልኩ ቁረጡ፣ በወረንጦ ያዙት። ሱፐር ግሉውን ከቱቦው ሳይሆን በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርጉ። ጸጉሩ መወጠር አለበት፤ ከረገበ አንሡና ድገሙት።

ጀማሪ ከሆናችሁ ግን በፎከር ዲአር 1 ጀምሩ። ክንፎቹ ወፍራም ናቸው፤ የሚሸከማቸው አግዳሚ እንጨት በውስጣቸው ስላለ በክንፎቹ መሀል የሽቦ ድር የለም። ሦስት ክንፍ ስላለው ሰው ይፈራዋል፤ ከካሜል ግን ይቀላል።

«ያረጀ እንዲመስል ዝገት ቀቡት»

ጨርቅና እንጨት አይዝግም። ብዙ ኪቶች ላይ የክንፉ ጨርቅ በአጥንቶቹ (ጨርቁን ከውስጥ በሚደግፉት ቀጫጭን እንጨቶች) መሀል ጎድጎድ ብሎ ይመጣል፤ እሱም የተጋነነ ነው። ጨርቁ ላይ የሚቀባው ማጠንከሪያ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል። ስለዚህ አጥንቶቹን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ዝቅ አድርጓቸው።

ቆሻሻ ከፈለጋችሁ ትክክለኛው ቆሻሻ ዘይት ነው። እንደ ካሜል ባሉት ላይ ሞተሩ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር ይሽከረከር ነበር። የሚጠቀመው የጉሎ ዘይት ነው፤ ያው በገጠር ምጣድ የሚታሰስበት ጉሎ። ዘይቱ ተቃጥሎ አያልቅም፣ ወደ ውጭ ይረጫል። ቡናማ ቀለም በጣም አቅጥናችሁ ከሞተሩ ሽፋን ሥር ጀምሩና በሆዱ በኩል ወደ ኋላ ሳቡት።

«ፎቶው ላይ ጥቁር ከሆነ ጥቁር ነው»

የዚያን ዘመን ብዙው ፊልም ኦርቶክሮማቲክ ነበር፤ ቀይ ብርሃንን አያይም። ቀይ ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ቢጫ ከሚጠበቀው በላይ ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጣ ይላል። ይሄ በተለይ የእኛን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለሚቀባ ሰው ትልቅ ወጥመድ ነው። በአሮጌ ፎቶ ላይ ብሩህ መሆን የነበረበት ቢጫ ደብዝዞ ሲያይ ሌላ ቀለም ይመስለዋል። ከፎቶው ላይ ምልክቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ውሰዱ። የትኛው ቀለም እንደሆነ ግን በዘመኑ ከተጻፈ ነገር ወይም ከተረፈ ቁራጭ አረጋግጡ።