ብሔራዊ ቃል ኪዳን ምንድን ነው? ሦስት መንግሥታትን ያናጋው የስኮትላንዶች ፊርማ

ስለ እንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ወሬ ሲነሳ ቶሎ የሚመጡት ሁለት ስሞች ናቸው፤ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊና የፓርላማው የጦር መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል። ንጉሡ አንገቱን ተቀላ፣ ክሮምዌል ገዛ፣ አለቀ። ይሄ አተራረክ ብዙ ነገር ያጎድላል። እሳቱ የተጫረው ስኮትላንድ ውስጥ ነው። የጫረውም በ1638 ኤዲንብራ ላይ የተፈረመ አንድ ሰነድ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰነዱ «ብሔራዊ ቃል ኪዳን» ይባላል። ፈራሚዎቹም በታሪክ «ኮቨናንተሮች» ተብለው ቀሩ። ባጭሩ ስኮትላንዶች በእግዚአብሔር ፊት እርስ በርስ የተማማሉበት ጽሑፍ ነው። ፈራሚው ሃይማኖቴን ከሰው ሠራሽ ጭማሪ እጠብቃለሁ ይላል። ንጉሤንም እጠብቃለሁ ይላል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ሃይማኖቱን የነካው ንጉሡ ራሱ ከሆነስ? ለዚህ ሰነዱ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። የኋላው ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ክፍተት የወጣ ይመስለኛል።

ቻርልስ ሦስት ዘውድ ነበረው፤ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአየርላንድ። አባቱ ጄምስ መጀመሪያ የስኮትላንድ ንጉሥ ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1603 ልጅ ሳትተካ ስትሞት የሷንም ዙፋን ወረሰ። ንጉሡ አንድ ሆነ እንጂ አገሮቹ አልተዋሃዱም። ስኮትላንድ የራሷ ፓርላማ፣ የራሷ ሕግ፣ የራሷ ቤተ ክርስቲያን ነበራት። ቻርልስ የተወለደው ስኮትላንድ፣ ያደገው ግን እንግሊዝ ነው። በ1625 ነገሠ። የስኮትላንድን ዘውድ ለመድፋት ወደ ኤዲንብራ ብቅ ያለው ደግሞ በ1633 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ያስጠበቀ ንጉሥ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚያስቆጣው ባያውቅ አይገርምም።

ሁለቱም አገሮች ፕሮቴስታንት ነበሩ። የሚለያዩት ቤተ ክርስቲያንን ማን ያስተዳድራት በሚለው ላይ ነው። በእንግሊዝ ጳጳሳት አሉ፤ የሚሾማቸው ንጉሡ ነው። ብዙ ስኮትላንዶች ግን ቤተ ክርስቲያን መመራት ያለባት በቀሳውስትና በሽማግሌዎች ጉባኤ ነው ይሉ ነበር። ፕሬስቢቴሪያን የሚባለው አስተዳደር ይሄ ነው። ነገሩ የሥርዓት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጳጳሱን ንጉሡ ከሾመው፣ በየሰበካው የሚሰበከውም በንጉሡ እጅ ነው። ጉባኤ ከመረጠ ግን ንጉሡ እንደ ማንኛውም ምእመን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ጄምስ ይሄ ገብቶት ነበር። በ1604 «ጳጳስ ከሌለ ንጉሥም የለም» ያለው እሱ ነው። ስኮትላንድ ላይ ጳጳሳትን በዘዴ መለሰ፤ በጣም መግፋት ሲያሰጋው ግን ቆም ማለትንም ያውቅበታል። ልጁ ይሄንን አልወረሰም።

ቻርልስ በ1637 ለስኮትላንድ አዲስ የጸሎት መጽሐፍ አወጣ። የእንግሊዙን የሚመስል ነው። ጉባኤም ፓርላማም አልመከረበትም፤ በንጉሥ ትእዛዝ ብቻ ተጠቀሙበት ተባለ። ጁላይ 23 እሑድ ጠዋት፣ ኤዲንብራ በሚገኘው በሴንት ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቴድራሉ አለቃ ጄምስ ሃኔይ መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ሴቶች በየበርጩማቸው ተቀምጠዋል። ጩኸት ተነሳ፤ በርጩማ ተወረወረ። ኤጲስ ቆጶሱ ሕዝቡን ላረጋጋ ቢል ሰሚ አጣ። ጄኒ ጌዲስ የምትባል ሴት «እጆሮዬ ሥር ቅዳሴ ልታነብብኝ ነው?» ብላ የመጀመሪያውን በርጩማ ወረወረች ይባላል። ስሟ የሚነሳው በኋላ በተጻፉ መዛግብት ስለሆነ አልምልበትም። ረብሻው ራሱ ግን እርግጥ ነው። ለነዚያ ሰዎች ቅዳሴ ማለት ካቶሊክነት ነው፤ ካቶሊክነት ማለት ደግሞ የሮም ቀንበር። የብሬኪኑ ኤጲስ ቆጶስ ሽጉጥ ደቅኖ መጽሐፉን አነበበ የሚባለውም በዚሁ ሰሞን ነው።

አቤቱታ ወደ ንጉሡ መጉረፍ ጀመረ። መኳንንቱ፣ የገጠር ባላባቶቹ፣ የከተማ ነጋዴዎቹና ቀሳውስቱ በየፊናቸው ኮሚቴ አቋቁመው ኤዲንብራ ላይ ተሰባሰቡ። ኮሚቴዎቹን «ጠረጴዛዎቹ» አሏቸው። በዚያ ዘመን ንጉሥን በቀጥታ መውቀስ የሚታሰብ አልነበረም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ነው ነገሩ። ስለዚህ አቤቱታው ሁሉ ጥፋቱን ጳጳሳቱ ላይ ይለጥፋል፤ ንጉሡ ተሳስቶ እንጂ አይልም፣ መካሪዎቹ አሳሳቱት ይላል። ለቻርልስ ይሄ ጥሩ መውጫ በር ነበር። በፌብሩዋሪ 1638 ባወጣው አዋጅ በሩን ራሱ ዘጋው። መጽሐፉ የኔ ነው፣ ተሰብስቦ መቃወምም ክህደት ነው አለ። እኔ ከስህተቶቹ ሁሉ የባሰው ይሄ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የሚቃወም ሁሉ ወደደም ጠላም ንጉሡን ተቃዋሚ ሆነ።

መልሱ ቃል ኪዳኑ ነው። የጻፉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አሌክሳንደር ሄንደርሰን የተባለ ቄስና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጠበቃ አርቺባልድ ጆንስተን። የጠበቃው እጅ በደንብ ይታያል። ሰነዱ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በ1581 የወጣ ካቶሊክን የሚያወግዝ የእምነት መግለጫ ነው። ያንን መግለጫ የንጉሡ አባት ጄምስ ራሱ ፈርሞበታል። እንግዲህ ይሄንን ክህደት ነው የሚል ካለ አባትየውን ይክሰስ! ሁለተኛው ክፍል ፓርላማ ያጸደቃቸውን ሕጎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አሰልቺ ነው፤ ግን የፖለቲካው መርዝ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሕጉ ከንጉሡ በፊት ነበረ፣ ንጉሡም ከሕጉ በታች ነው ማለቱ ነው፤ እንዲያ ብሎ ሳይናገር። ሦስተኛው አዲሱ መሐላ ነው። ፈራሚዎቹ የንጉሡን አካልና ሥልጣን «እውነተኛውን ሃይማኖት፣ የመንግሥቱን ነጻነትና ሕግ በመጠበቅ» እንደሚጠብቁ ይምላሉ። ሐረጉን ደግማችሁ አንብቡት። ንጉሡን ሁሌም እንጠብቃለን ማለት ነው? ወይስ ሃይማኖቱን እስከጠበቀ ድረስ? በሁለቱም ይፈታል። ጳጳሳት ይወገዱ የሚል ቃልም የለበትም፤ አዲስ የመጣው ነገር በነጻ ጉባኤና በፓርላማ እስኪታይ ድረስ አንቀበለውም ነው የሚለው። ወላዋዩንም ቁርጠኛውንም ለማስፈረም ተብሎ የተሠራ ነው።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1638 መኳንንቱና ባላባቶቹ በግሬይፍሪያርስ ቤተ ክርስቲያን ፈረሙ። በማግስቱ ቀሳውስቱና የከተሞች ተወካዮች ተከተሉ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ። መቃብር ድንጋይ ላይ ዘርግተው ፈረሙ፣ በደማቸው ፈረሙ የሚለው የኋላ ዘመን ማሳመሪያ ነው። ጆንስተን በማስታወሻው ቀኑን መንግሥቱ ከእግዚአብሔር ጋር የተጋባበት የሠርግ ቀን ብሎታል። ከዚያ በየብራናው እየተገለበጠ በየአውራጃው ተላከ። ቄሱ ከመድረክ ያነበዋል፣ ምእመኑ እጁን አንስቶ ይምላል። መጻፍ ለማይችለው ውል ጸሐፊ ይፈርምለታል። ሁሉም ወዶ ፈረመ ማለት ግን አይደለም። አልፈርምም ያለ ይገለላል፣ ይዋከባል። የአበርዲን የነገረ መለኮት ሊቃውንት ሰነዱን በጽሑፍ ሞግተዋል፤ በስተኋላ ጦር ነው የመጣባቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተንደረደረ። በ1638 መጨረሻ ግላስጎው ላይ የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ፣ የንጉሡ እንደራሴ ረግጦ ቢወጣም፣ ጳጳሳቱን ሻረ። ቻርልስ ጦር አዘጋጀ። ኮቨናንተሮቹም በስዊድን ጦር ውስጥ ፊልድ ማርሻል የነበረውን አሌክሳንደር ሌስሊን አዛዥ አደረጉ። በ1639 እና በ1640 የተደረጉት ግጭቶች «የጳጳሳት ጦርነቶች» ይባላሉ። በኦገስት 1640 ስኮትላንዶቹ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ገብተው ኒውበርን ላይ አሸነፉ፣ ኒውካስልንም ያዙ። ከዚያ ሒሳብ አቀረቡ፤ እስክንስማማ ድረስ የጦራችንን ቀለብ በቀን 850 ፓውንድ ክፈል አሉት።

እዚህ ላይ ነው የስኮትላንዱ ጉዳይ የእንግሊዝ የሆነው። ቻርልስ ከ1629 ጀምሮ 11 ዓመት እንግሊዝን ያለ ፓርላማ ገዝቷል። በ1640 ጸደይ አንዱን ጠርቶ በሦስት ሳምንት በትኖታል። አሁን ግን 850 ፓውንዱን ከየት ያምጣ? በኖቬምበር ሌላ ፓርላማ ጠራ። ይሄኛው ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት የ11 ዓመት ቂሙን አወጣ፤ ያለ ራሱ ፈቃድ እንዳይበተንም ሕግ አወጣ። የስኮትላንድ ጦር ኒውካስል ተቀምጦ እያለ ንጉሡ እምቢ ማለት አይችልም ነበር። በኦክቶበር 1641 ደግሞ የአየርላንድ ካቶሊኮች ተነሱ። አመፁን የሚያጠፋ ጦር ያስፈልጋል፤ ጦሩን ማን ይዘዘው? ፓርላማው ንጉሡን አያምነውም፣ ንጉሡም ለፓርላማው አይለቅም። በኦገስት 1642 ቻርልስ ኖቲንግሃም ላይ ሰንደቁን ተከለ። የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት የሚባለው እንዲህ ጀመረ። የታሪክ ሰዎች ዛሬ «የሦስቱ መንግሥታት ጦርነቶች» የሚል ስም የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

ፓርላማው ሲጨንቀው በ1643 ስኮትላንዶቹን እርዱን አለ። እነሱም በነጻ አንመጣም፤ እናንተም ማሉ አሉ። ሁለተኛው ቃል ኪዳን ይሄ ነው። በድርድሩ ላይ የነበረው ስኮትላንዳዊ ቄስ ሮበርት ቤይሊ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ገልጾታል፤ እንግሊዞቹ የፈለጉት የፖለቲካ ውል ነው፣ እኛ የፈለግነው የሃይማኖት ቃል ኪዳን። ስኮትላንዶቹ እንግሊዝም ፕሬስቢቴሪያን ትሁን ብለው ነበር። እንግሊዛዊው ተደራዳሪ ሄንሪ ቬን ግን ተሐድሶው «እንደ እግዚአብሔር ቃል» ይሁን የሚል ሐረግ አስገባበት። እንደ እግዚአብሔር ቃል አይሁን የሚል የለም፤ ቃሉ ምን ይላል የሚለውን ግን ሁሉም በየፊናው ነው የሚያነበው። ሃያ ሺህ የሚያልፍ የስኮትላንድ ጦር በጃንዋሪ 1644 ድንበር ተሻገረ፤ በጁላይም ማርስተን ሙር ላይ የንጉሡን ጦር በመስበር ድርሻ ነበረው። እንግሊዝ ግን እነሱ የፈለጉትን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን አላቆመችም።

ቤታቸውም ተከፍሎ ነበር። የሞንትሮዙ መስፍን በ1638 ከፈረሙት አንዱ ነው። ንጉሡን እጠብቃለሁ የሚለውን አጥብቆ ያዘና በ1644 እና በ1645 ለቻርልስ ሆኖ የቀድሞ ጓደኞቹን ከአንድም ሁለት ሦስቴ ድል ነሳ። በ1650 ኤዲንብራ ላይ ሰቀሉት። ባላንጣው የአርጋይሉ መስፍንም ያንኑ ቃል ኪዳን ፈርሟል፤ እሱ ደግሞ በ1661 በንጉሡ ወገኖች አንገቱ ተቆረጠ። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ለፊርማዬ ታምኛለሁ ባዮች ነበሩ። ሰነዱን ካየን ሁለቱም አልዋሹም።

እንግሊዞቹ በጃንዋሪ 1649 ቻርልስን ሲገድሉ ኮቨናንተሮቹ ደነገጡ፤ ንጉሡ የነሱም ነበርና። ወዲያው ልጁን ቻርልስ ዳግማዊን ንጉሥ ብለው አወጁ። ግን ይማል አሉ። ልጁ ለኑሮው እንጂ ለፕሬስቢቴሪያን ፍቅር አልነበረውም፤ ቢሆንም በ1650 ሁለቱንም ቃል ኪዳን ፈረመ፣ በጃንዋሪ 1651 ስኩን ላይ ሲነግሥም ደገመው። ክሮምዌል ግን ስኮትላንዶቹን በሴፕቴምበር 1650 ዳንባር ላይ፣ ልክ በዓመቱ ደግሞ ዉስተር ላይ መታቸው። ቻርልስ ዳግማዊ ከስደት ተመልሶ በ1660 ዙፋኑን ሲይዝ መሐላው ከጉሮሮው አላለፈም። ሁለተኛው ቃል ኪዳን በ1661 በለንደን በሰቃዩ እጅ ተቃጠለ፤ በስኮትላንድም ሕገ ወጥ ተባለ። ጆንስተን በ1663 ተሰቀለ። ጳጳሳቱ ተመለሱ፤ አንቀበልም ያሉ ቀሳውስት ከየደብራቸው ተባረው በየሜዳው መስበክ ያዙ። በ1679 ቦዝዌል ብሪጅ ላይ ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋግተው የተማረኩት 1,200 ያህል ኮቨናንተሮች የታሰሩት፣ መኳንንቱ ቃል ኪዳኑን በፈረሙበት በግሬይፍሪያርስ ግቢ ነው።

ዙፋኑ እጅ ከተለወጠ በኋላ፣ በ1690 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ፕሬስቢቴሪያን ሆነች። ውሳኔው ግን ቃል ኪዳኑን አላደሰውም። አብዛኛው ሰው ደክሞት ነበር፤ ተቀበለው። ጥቂቶች ግን መሐላ መሐላ ነው ብለው አዲሱንም መንግሥት አናውቅህም አሉት። ከነሱ የወረደችው የሪፎርምድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለች። አባሎቿ ለረጅም ዘመን ቃል ኪዳኑን ላልማለ መንግሥት ድምፅ አንሰጥም ብለው በምርጫ አይሳተፉም ነበር።