የተማሪዎች ፕሮጀክት ድጋፍ፦ ገንዘቡ በምን ላይ ይውላል?

ለተማሪዎች የተግባር ሥራ የሚሰጥ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ብድር አይደለም። ግን እንደፈለጉ የሚያወጡትም አይደለም። ብዙ ወላጅ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ የሚሰጠው ማመልከቻው ላይ ለተዘረዘረው ነገር ነው። ተማሪዎቹ ውሃ ማጣሪያ ሊሠሩ ቱቦ፣ አሸዋና ከሰል ብለው ጽፈው መሃል ላይ ፓምፕ ቢያስፈልጋቸው፣ ከመግዛታቸው በፊት ሰጪውን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ገዝቶ ማስፈቀድ ብዙ ጊዜ አያስኬድም።

አንዳንዱ ድጋፍ ደግሞ የሚከፈለው ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። እስከዚያ ከኪሱ የሚያወጣው ወላጅ ሊሆን ይችላል። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ይህ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ገና ሲያመለክቱ ቅድመ ክፍያ መኖሩን ይጠይቁ፤ ምንም አያሳፍርም።

የተገዛው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ይቀራል።