ሚያዝያ 27፦ ስለ ድል በዓሉ የሚደጋገሙ ስህተቶችና እውነታው

የአርበኞች የድል በዓል በመጣ ቁጥር አብረው የሚመጡ ስህተቶች አሉ። አብዛኞቹ የሚመነጩት የበዓሉን ቀንና የጦርነቱን ፍጻሜ አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

«ጣሊያን አዲስ አበባን የለቀቀው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው»

ከተማዋ ከጠላት እጅ የወጣችው ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያና በሐረር በኩል የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባን ያዘ። በዚያ ዕለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ደብረ ማርቆስ መግባታቸው ነበር። ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ድንበሩን ተሻግረው በጎጃም ሲጓዙ ነበር የከረሙት። ቶሎ ወደ ዋና ከተማቸው እንዳይገቡ ያዘገዩአቸው እንግሊዞች ናቸው። በከተማው የቀሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን የበቀል ሰለባ ይሆናሉ ብለው ሰግተው ነበር። የአስተዳደሩን ሥልጣን በቀላሉ ለመልቀቅ አለመፈለጋቸው ግን ኢትዮጵያና እንግሊዝ እስከተፈራረሙት የጥር 1934 ዓ.ም. ውል ድረስ በቆየው ድርድር በግልጽ ታይቷል።

ታዲያ ለምን ሚያዝያ 27? የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለነበር ነው። ልክ በ5ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ገብተው ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ። ቀኑ ታስቦበት የተመረጠ ነው ማለት ነው። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ዓላማው ንጉሡን ከበዓሉ መነጠል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ስለዚህ በደርግ ዘመን በታተመ የቀን መቁጠሪያ ላይ ሌላ ቀን ብታገኙ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም።

«ጦርነቱም በዚያው ቀን አበቃ»

አላበቃም። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው። ጅማ የተያዘችው ሰኔ 14 ነው። ጎንደር ላይ የመሸገው ጄኔራል ናሲ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቆይቶ፣ የቁልቋል በር ምሽግ ኅዳር 12 ከተሰበረ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ተማረከ። ከሰንደቅ ዓላማው መሰቀል በኋላ ከ6 ወር በላይ ውጊያ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዓመት ስሌት ብዙ ሰው ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ይደመራል። ስለዚህ ሚያዝያ 1933 እና ኅዳር 1934 ሁለቱም በፈረንጆች 1941 ላይ ይውላሉ።

«ነፃ ያወጣን እንግሊዝ ነው» ወይም «አርበኛው ብቻውን ነው»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። መጋቢት 18 የተጠናቀቀውን በኤርትራ የተደረገውን የከረን ውጊያ ያሸነፈው መደበኛ ጦር ነው። «የእንግሊዝ ጦር» ሲባል ግን ከተዋጊው ብዙው ሕንዳዊ፣ ሱዳናዊ፣ ደቡብ አፍሪካዊ፣ ናይጄሪያዊና ኬንያዊ ነበር። በጎጃም ደግሞ 2,000 የማይሞላው፣ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የመራው ጦር ከራሱ እጅግ የሚበልጥ የጠላት ሠራዊት ሊገፋ የቻለው ገጠሩ አስቀድሞ በእነ በላይ ዘለቀ እጅ ስለነበር ነው። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ 5 ዓመት ሙሉ አላስተኙትም። ጣሊያን በየምሽጉ በትኖ ያሰረው ጦር ከረን ላይ ቢሰለፍ ኖሮ ውጊያው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

«የነፃነት ቀን»

በተለይ በውጭ አገር ያሉ ወገኖች እንዲህ ብለው ያከብሩታል። ስሙ የአርበኞች የድል ቀን ነው። ከዓድዋም ጋር አይምታታ፤ ያኛው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው።

«የድል ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ያለው ነው»

የሚያዝያ 27 ሐውልት አራት ኪሎ ነው፤ በበዓሉ የአበባ ጉንጉን የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የተጨፈጨፈው ሕዝብ የሚታሰብበት በመሆኑ፣ ለድል በዓል መልእክት ፎቶውን መጠቀም ከቦታው የወጣ ነው።

«ጣሊያን ምንም ካሣ አልከፈለችም»

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወስኗል። የቆቃ ግድብም የተሠራው በጣሊያን የጦር ካሣ ነው። ለደረሰው ጥፋት ይበቃል ወይ ከተባለ፣ በፍጹም አይበቃም። ይኸው ውል የተዘረፉ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱም ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት ግን በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቆሞ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው።