መከፈቱን የሚያሳብቅ ክዳን፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

መከፈቱን የሚያሳብቅ ክዳን የምንለው አንድ ጊዜ ከተከፈተ ወደ ቀድሞ መልኩ የማይመለስ መዝጊያ ነው። በጠርሙስ፣ በጀሪካን፣ በጣሳና በብልቃጥ ላይ ይገኛል። ውሃ፣ ዘይት፣ ሽሮፕ፣ አረቄ፣ ፀረ ተባይ፣ የዱቄት ወተት፤ ታሽጎ የሚሸጥ የሚቀዳ ነገር አብዛኛው ዛሬ እንዲህ ያለ ክዳን አለው። ስለ ነገሩ በአማርኛ ተሰባስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ስለሚቸግር ይህ ዳሰሳ ተሰናዳ። በአብዛኛው የሚመረኮዘው በመድኃኒት ማሸጊያ ደንቦችና በመጠጥ ማሸጊያ መስመር አሠራር ላይ ነው። የወይን ጠጅና የሽቶ ክዳን ወዳጆች ብዙ አያገኙበትም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ክዳን ሌባን አይከለክልም። ቢላዋ ወይም መርፌ የያዘ ሰው የፈለገውን ጠርሙስ ይከፍታል። የክዳኑ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀጥሎ የሚያነሳው ሰው የሌላ እጅ እንደገባበት እንዲያውቅ ያደርጋል። ሕፃናት እንዳይከፍቱት ተብሎ ከሚሠራው ተጭነው የሚያዞሩት ክዳንም የተለየ ነው። ሁለቱ አንድ ጠርሙስ ላይ አብረው ስለሚገኙ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ጥንታዊ መነሻ

በጥንታዊት ግብፅ የወይን ጠጅ እንስራ አፉ በጭቃ ተመርጎ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ማኅተም ይመታበት ነበር። በ1922 በተገኘው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ የነበሩት እንስራዎች እንዲህ የታተሙ ናቸው። ጎናቸው ላይ ወይኑ የተጠመቀበት ዓመት፣ የመጣበት ቦታና የጠማቂው ስም ተጽፎባቸዋል። የዛሬ የጠርሙስ ጽሑፍ ከ3,300 ዓመት በኋላ ከዚህ ብዙ አልራቀም። በሜሶፖታሚያ ደግሞ የተቀረጸ ትንሽ የድንጋይ ጥቅልል በእርጥብ ጭቃ ላይ ይንከባለል ነበር።

የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት የተከራከሩበት ነጥብ ለዛሬ የክዳን ነዳፊም ይጠቅማል። ወይን ጠጅ በማይታመን ሰው እጅ ሲላክ አንድ ማኅተም አይበቃም፣ በማኅተም ውስጥ ሌላ ማኅተም ያስፈልጋል ብለዋል። ብዙ ለማይሰጋለት ምግብ ግን አንዱ ይበቃል። የጥበቃው መጠን በአደጋው ልክ ይሁን የሚለው ሐሳብ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

በእኛ አገር የጠላ ድፍድፍ ያለበት ጋን አፉ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ዋናው ምክንያት አየር እንዳይገባ ነው። ነገር ግን ሹልክ ብሎ ገብቶ የቀመሰ ሰው ምርጊቱን እንደነበረ አድርጎ መመለስ አይችልም። ጠማቂዋ የእጇን አሻራ ታውቀዋለች። የማሸጊያ ታሪክ ጸሐፊዎች ግብፅንና ሮማን ሲያነሱ ይህንን አያነሱም፤ ማንሳት ነበረባቸው።

ከዚያ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ቡሽ፣ ሰምና ዝፍት ነበሩ።

አምፑልና ቆርኪ

በ1886 ፈረንሳዊው ፋርማሲስት ስታኒስላስ ሊሙዛን የመርፌ መድኃኒት የሚይዘውን የመስታወት አምፑል አስተዋወቀ። እስከ ዛሬ እንደ እሱ ሐቀኛ ማሸጊያ አልተሠራም። ክዳን የሚባል ነገር የለውም፤ አንገቱን ካልሰበሩት አይከፈትም።

ቆርኪን የፈጠረው የአሜሪካዋ ባልቲሞር ነዋሪ ዊሊያም ፔይንተር ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1892 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቆርኪዎች 24 ጥርስ ነበራቸው፤ ዛሬ የተለመደው 21 ነው። የቆርኪ ዋና ዓላማ ጋዝ መያዝ ነበር፤ ማሳበቁ በትርፍነት የመጣ ነው። መክፈቻው አንዱን ጎን ሲያነሳው ቆርቆሮው ይጎብጣል። ቀስ ተብሎ ከተነሳ ግን መጉበጡ አይታይም። በእጅ ማተሚያ አዲስ ቆርኪ መምታትም ከባድ አይደለም። በዚህ የተነሳ ቢራና ለስላሳ በተዘጋበት መጥቶ ደንበኛው ፊት የሚከፈትበት የአገራችን ልማድ ከቆርኪው የበለጠ ዋስትና ይሰጣል።

የ1982ቱ መርዝ

የዘርፉ ታሪክ ከ1982 በፊትና በኋላ ተብሎ ቢከፈል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር መጨረሻ በቺካጎና በአካባቢዋ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ሁሉም ኤክስትራ ስትሬንግዝ ታይለኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ካፕሱል የዋጡ ነበሩ። በካፕሱሉ ውስጥ ፖታሲየም ሳያናይድ ተገኘ። ካፕሱል አይቀዳም፣ ለዚህ ዳሰሳ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ዛሬ በሽሮፕ፣ በአፍ መጉመጥመጫና በዓይን ጠብታ ጠርሙስ ላይ የምናየው ቀለበትና ሽፋን ሁሉ የተስፋፋው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው።

ካፕሱሉ ሁለት ግማሽ ስለሆነ ተላቆ ይገጣጠማል። ጠርሙሱም ተከፍቶ ቢዘጋ ማንም አያውቅበትም ነበር። አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ። ወጪው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህ ውሳኔ እስካሁን በንግድ ትምህርት ቤቶች እንደ ምሳሌ ይነሳል፤ ይገባዋልም።

መርዙ የት ተጨመረ በሚለው ላይ ስምምነት የለም። መርማሪዎች ገዳዩ ከሱቅ መደርደሪያ አንስቶ፣ መርዞ መልሶ አስቀመጠ የሚለውን ይዘዋል። ሱቅ ሳይደርስ በፊት በማከፋፈያ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል ብለው የሚከራከሩም አሉ። አንድ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር ካልተሰጠኝ ብሎ ለኩባንያው በመጻፉ ታስሯል። በግድያው ግን የተፈረደበት የለም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ አወጣ። ታይለኖልም በሦስት መከላከያ ተመለሰ፦ በማጣበቂያ የተዘጋ ካርቶን፣ አንገቱ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክና አፉ ላይ የተጣበቀ ፎይል። በ1983 ደግሞ ምርት መበከልን ከባድ ወንጀል ያደረገ የፌዴራል ሕግ ወጣ።

የደንቡ አስተሳሰብ እስከ ዛሬ የነዳፊ ፊደል ነው። አንደኛ፣ መከላከያው ሲጣስ ወይም ሲጎድል ሸማቹ በዓይኑ ማየት አለበት። ሁለተኛ፣ መከላከያው የራሱ መለያ ይኑረው። ተራ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ማንም ገዝቶ በፀጉር ማድረቂያ ያለብሰዋል፤ ስም ወይም ንድፍ የታተመበትን ግን ማግኘት ይከብዳል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። «ይህ ቀለበት ከተቆረጠ አይጠቀሙ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ቀለበቱ ሲጠፋ አብሮ መጥፋት የለበትም። ጽሑፉ ራሱ ቀለበቱ ላይ ከታተመ ቀለበቱን የወሰደ ሰው ማስጠንቀቂያውንም ይዞት ይሄዳል።

ሆኖም በ1986 በኒውዮርክ አቅራቢያ አንዲት ሴት በዚያው ባለ ሦስት መከላከያ ታይለኖል ሞተች። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጠውን ካፕሱል ተወው። ክዳን ብቻውን ካልበቃ ውስጡ ያለው ነገር ራሱ ይቀየራል።

የቀለበቱ አሠራር

አሁን በየሱቁ የምናየው የውሃ ጠርሙስ ክዳን ቀላል ይመስላል። በማሸጊያ መስመር ላይ የሠራ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ክዳኑና ከሥሩ ያለው ቀለበት በቀጫጭን የፕላስቲክ ድልድዮች የተያያዙ ናቸው። በጠርሙሱ አንገት ላይ ወጣ ያለ ክብ ከንፈር አለ። ክዳኑ ሲዞር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀለበቱ ከከንፈሩ ሥር ተይዞ ይቀራል፤ ድልድዮቹ ይበጠሳሉ።

ጣጣው ቀለበቱ መጀመሪያ ከከንፈሩ በታች መውረድ ያለበት መሆኑ ነው። በቀላሉ ወርዶ በፍጹም መውጣት የለበትም። ስለዚህ የከንፈሩ የላይ ጎን ተዳፋት ሲሆን የታች ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። የቀለበቱ ውስጥም ወደ ላይ የሚታጠፍ ልሳን ይኖረዋል። ክዳኑ ሲገጠም ጫናው በድልድዮቹ እንዳያልፍ በክዳኑና በቀለበቱ መካከል የሚደገፉ ትናንሽ ጉጦች ይደረጋሉ። የማሽኑ ጭንቅላት ትንሽ ቢያዘነብል ድልድዮቹ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ይበጠሳሉ። ያኔ ገዢው ሌባ ከፍቶታል ብሎ ያስባል። የጥራት ክፍል ሰዎችን እንደዚህ የሚያናድድ ነገር የለም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ክዳኑ መዞር ሲጀምር ፈሳሹን የያዘው የክዳኑ የውስጥ መዝጊያ ከመላቀቁ በፊት ድልድዮቹ መበጠስ አለባቸው። ካልሆነ አንድ ሰው ክዳኑን ጥቂት አላልቶ፣ አንድ ነገር ጨምሮ፣ ቀለበቱን ሳይሰብር ይመልሰዋል። ለስላሳ ሲሆን ሌላ ደረጃ ይጨመራል። ክዳኑንና አንገቱን የሚያያይዙት ጠመዝማዛ ጥርሶች ሳይላቀቁ ጋዙ በጎን ባሉ ቀዳዳዎች መተንፈስ አለበት፤ አለበለዚያ ክዳኑ ይፈናጠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአንድ ዙር ባነሰ ነው።

ድልድዩ ቢጠነክር አረጋውያን መክፈት ያቅታቸዋል። ቢሳሳ በጭነት መኪና ላይ ይበጠሳል። ለ28 ሚሊሜትር ክዳን የመክፈቻ ኃይሉ ከ1 እስከ 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ቀለም እንኳ ጣጣ አለው። አንዳንድ ሰማያዊ ቀለሞች ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ የሚሸማቀቅበትን መጠን ይለውጣሉ፤ በዚያው ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) የወጣ ነጭና ሰማያዊ ክዳን እኩል አይከፈትም።

አጭበርባሪው ደግሞ ሙቅ ውሃ ይጠቀማል። ፕላስቲኩ ሲለሰልስ ቀለበቱ ሳይሰበር ከከንፈሩ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ከላይ ያልነው ታጣፊ ልሳን ይህንን በከፊል ይመክታል። የጠርሙስ አንገት እያጠረ መምጣቱ ግን ለነዳፊው አልተመቸም። ፒሲኦ 1810 የሚባለው የድሮው አንገት 21 ሚሊሜትር ያህል ነበር፤ ተተኪው 1881 ወደ 17 ወርዷል። ፕላስቲክ ይቆጥባል፤ ለጥርሱና ለቀለበቱ የሚሆነው ቦታ ግን ጠቧል።

ሌሎች ዓይነቶች

የፎይል ሽፋን በኤሌክትሮማግኔት ሙቀት ይጣበቃል። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ጠርሙሱ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት የሽቦ ጥምጥም ሥር ሲያልፍ ፎይሉ ብቻ ይግላል፤ በሥሩ ያለው ስስ ፕላስቲክ ቀልጦ ከጠርሙሱ አፍ ጋር ይያያዛል። ክዳኑ ብረት ከሆነ አይሠራም። ሙቀቱ ካነሰ ፎይሉ ሳይቀደድ ይላጣል፤ ከበዛ ጠርዙ ያርራል።

በሽሮፕና በአልኮል ጠርሙስ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ክዳን ሲመጣ ጥርስ የለውም። ማሽኑ ጠርሙሱ ላይ አድርጎ በመንኮራኩር ሲጫነው የመስታወቱን ጥርስ ቅርጽ ይይዛል። ውድ አልኮሎች ላይ ደግሞ በውስጡ ትንሽ ኳስና ቫልቭ ይጨመራል፤ ያስቀዳል እንጂ አያስሞላም። የማርማላታ ብርጭቆ ክዳን መሃል ላይ ያለው ጉብታ ውስጡ ያለው አየር አልባነት ሲጠፋ ብቅ ይላል። በዘይት ዕቃ አፍ ላይ በጣት የሚሳበው ቀለበት ከተነቀለ አይመለስም።

በኢትዮጵያ

እኛ ጋ የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ በጥቅሉ ሃይላንድ ይባላል። ባዶው አይጣልም። ቆራሌው ይወስደዋል፣ ወይም ዘይት፣ አረቄ፣ በረኪና ይቀዳበታል። ጠርሙሱ ያው፣ ክዳኑም ያው ነው። ውሃ ይሁን በረኪና ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ምልክት ቀለበቱ ነው፤ ከክዳኑ ጋር ካልተያያዘ ያ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ተከፍቷል። ቀድሞ ክዳኑን የሚሸፍን ስስ ፕላስቲክ በብዙ የውሃ ምርቶች ላይ ይለበስ ነበር። አሁን በብዙዎቹ ላይ የለም። ቀለበቱ ካለ ሽፋኑ ድግግሞሽ ነበር የሚሉ አሉ። ሽፋኑ ከሩቅ ይታይ ነበር የሚሉም አሉ። ለማሸጊያ ባለሙያ የመጀመሪያው ያመዝናል።

ከፍታም የራሱ ነገር አለው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ከባሕር አቅራቢያ ታሽጎ የመጣ የዱቄት ወተት ፎይሉ እዚህ ሲደርስ ያብጣል፤ ይህ ብቻውን የመከፈት ምልክት አይደለም። አዲስ አበባ ተሞልቶ ወደ አፋር የወረደ የውሃ ጠርሙስ ደግሞ ጎኑ ይጨመደዳል። ክዳኑን የፈተሸ ላብራቶሪ ከባሕር ዳርቻ ከሆነ ውጤቱ እዚህ እንደገና መታየት አለበት።

የቅርብ ጊዜ ለውጦች

በአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 9 ቀን 2019 ጀምሮ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ አብዛኞቹ መድኃኒቶች ካርቶናቸው ላይ መከፈትን የሚያሳይ ምልክትና በኮምፒውተር የሚረጋገጥ ልዩ መለያ አላቸው። ከጁላይ 3 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ እስከ 3 ሊትር በሚይዙ የፕላስቲክ መጠጥ ጠርሙሶች ላይ ክዳኑ ተከፍቶም ከጠርሙሱ መለየት የለበትም። ዓላማው ክዳን በየሜዳው እንዳይጣል ነው። ለነዳፊው ግን ሥራውን አወሳሰበበት፤ ከቀለበቱ ድልድዮች አብዛኞቹ መበጠስ አለባቸው፣ ማንጠልጠያው ደግሞ በፍጹም መበጠስ የለበትም። መልሶ ለሚጠቀመው ፋብሪካ ክዳኑና ቀለበቱ አብረው መምጣታቸው ችግር የለውም። ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ የክዳኑ ፕላስቲክ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ይሰምጣል።