ሌቮዶፓ በደም ሥር ሲሰጥ ካርቢዶፓ ለምን ይቀድማል?

እንቅስቃሴን በሚያውከው የፓርኪንሰን ሕመም አንጎል ውስጥ የሚጎድለው ኬሚካል ዶፓሚን ነው፤ እሱ ራሱ ግን በደም ሥር ቢሰጥ ወደ አንጎል አያልፍም፤ የሚነካው ልብንና የደም ግፊትን ነው። የሕመሙ መድኃኒት ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፣ አንጎል ውስጥም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ብቻውን ሲሰጥ ታዲያ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ ገና መንገድ ላይ ወደ ዶፓሚን ይለወጥና ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣል፣ ግፊትም ያወርዳል። ካርቢዶፓ ይህን ለውጥ የሚያደርገውን ኢንዛይም ያግዳል፤ እሱ ራሱ አንጎል ስለማይገባ እዚያ ያለውን ሥራ አያውክም። ተመራማሪዎች አስቀድመው በአፍ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

በደም ሥር መስጠት የጨጓራን መዘግየት ያስቀራል። እንደ ዓሣ ካለ የፕሮቲን ምግብ የሚገኙትን የአሚኖ አሲዶች ሽሚያ ግን አያስቀርም፣ እነሱም ሌቮዶፓም ወደ አንጎል የሚገቡት በአንድ በር ነውና። ሐዋሳ ላይ ዓሣ ጥብስ በልቶ ወዲያው ኪኒኑን የዋጠ የፓርኪንሰን ታማሚ «ዛሬስ አልሠራልኝም» ቢል አይፈረድበትም። (ቆጮ በጎመን ቢሆን ሽሚያው ይቀላል።) ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ ይረዳል።

ኪኒኑ ላይ 250/25 ሲል 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓ፣ 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ማለት ነው። ኢንዛይሙን በደንብ ለማገድ በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያስፈልጋል፤ በቀን ሁለት ግማሽ ኪኒን የሚወስድ ሰው የሚያገኘው 25 ብቻ ነው፣ ማቅለሽለሹም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው። ኪኒኑን ፈጭቶ በደም ሥር መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።