ሲልቫሲሲሊያ፦ እግር የሌለው ኢትዮጵያዊ አምፊቢያን

ስለ ብርቅዬ እንስሶቻችን ሲወራ ዋሊያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ወዲያው ይጠራሉ። ትል የሚመስለውን አምፊቢያን (እንደ እንቁራሪት ያሉ፣ በውሃና በየብስ የሚኖሩ እንስሳት የሚመደቡበት ክፍል ነው) ሲልቫሲሲሊያን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አይገኝም። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የእኛ ብቻ የሆነው ዝርያው ብቻ ሳይሆን ወገኑ (ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን) በሙሉ ነው። በውስጡ ያለውም አንድ ዝርያ ብቻ ነው። መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተምዕራብ ያለው የደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደን ነው።

በክረምት አራት ኪሎ አካባቢ ዝናቡ ሲያባራ አጥር ሥር የሚሳበውን ትል አይተው እሱ እንዳይመስልዎ። ያ የመሬት ትል ነው፤ አጥንትም መንጋጋም የለውም። ሲልቫሲሲሊያ ግን የጀርባ አጥንት፣ የራስ ቅልና ጥርስ አለው። ሰውነቱን የከበቡት ቀለበቶችም የቆዳ እጥፋቶች ናቸው። የሥጋ ዘመዱ እንቁራሪት ነው፤ እባብም አይደለም።

ጭንቅላቱን ቀረብ ብሎ ላየው ይገርማል። የሲሲሊያኖች፣ ማለትም የእሱና የመሰሎቹ እግር አልባ አምፊቢያኖች፣ የራስ ቅል አጥንቶች ግጥም ብለው የተያያዙ ናቸው። አፈሩን የሚሰረስሩት በዚሁ በጭንቅላታቸው ነው። ዓይናቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ብርሃንና ጨለማን ለመለየት ያህል ነው። በዓይንና በአፍንጫ መካከል ግን ብቅ ጥልቅ የምትል ትንሽ የስሜት አካል አለች። ጨለማ ውስጥ ሽታ ተከትለው ምግባቸውን የሚያገኙት በእሷ እርዳታ ነው። ይህች አካል በሌላ አምፊቢያን ላይ የለችም።

እንስሳውን መጀመሪያ የገለጸው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቴይለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970። ናሙናው የመጣው ከወለጋ፣ አለኩ ከሚባል ስፍራ ነበር። የዝርያውን ስም ለብሪታንያዊቷ ተመራማሪ ለአሊስ ግራንዲሰን መታሰቢያ አደረገው። እንስሳውን ግን ጂኦትሪፔትስ ከሚባለው የምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሲሊያኖች ወገን ጋር ደመረው። አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማልኮም ላርገንም እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ስለ እንስሳው የታዘቡትን አሳተመ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርቫሊ ዌክ እ.ኤ.አ. በ1987 ለብቻው ወገን አቆመችለት።

መለየቱም ትክክል ነበር። ከጂኦትሪፔትስ ዝርያዎች አንዱ፣ ጂኦትሪፔትስ ሴራፊኒ፣ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። የእኛው ግን ውሃ ውስጥ የሚያድግ እጭ አለው፤ እጩ አድጎና መልኩን ለውጦ ወደ አፈር ይገባል። በዘረ መል ጥናትም የቅርብ ዘመዶቹ ሲሸልስ ደሴቶችና ሕንድ ውስጥ ተገኝተዋል። እነዚህ ምድሮች በጥንት ዘመን ከአፍሪካ ጋር አንድ አህጉር ነበሩ። ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ይሄ ነው፦ ወለጋ አፈር ውስጥ ያለ ፍጥረት፣ ዘመዶቹ ከባሕር ማዶ።

የሚያሰጋው ነገር ከዚሁ አኗኗሩ ይመጣል። አዋቂው ጥላና እርጥብ አፈር ይፈልጋል፤ እጩ ደግሞ ውሃ። ደን ሲመነጠር አፈሩ ይደርቃል። ጅረቱ ሲጎድል ደግሞ እጮቹ የሚያድጉበት ያጣሉ።