ራሱን የቻለ ኢኮኖሚ ምንድን ነው?

ስኮትላንድ ከብሪታንያ ነፃ ትውጣ የሚለው በተነሳ ቁጥር «ከምታስገባው የምታወጣው ስለሚበልጥ ራሷን ችላ አትቆምም» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ተንታኝ ይህንኑ ከነቁጥሩ ተናግሮ ጉዳዩን ዘጋው። ቁጥሩን አልክደውም። የበጀት ጉድለት ምን እንደሆነም አላስረዳም፤ ደመወዝ የሚቀበል ሁሉ ያውቀዋል። የሚያንገበግበኝ ይህ ጉድለት የየትኛው አገር እንደሆነ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

እኔ በምኖርበት ገላን ውስጥ በአንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ማየት የተለመደ ነው። በወሩ መጨረሻ አከራይዋ የመብራቱን ክፍያ ያከፋፍላሉ፦ ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ያን ያህል፤ የውሃ ፓምፑና የበሩ መብራት ደግሞ በነፍስ ወከፍ። ከተከራዮቹ አንዱ የራሱን ቆጣሪ ላስገባ ቢል፣ በአከራይዋ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ድርሻ አይተን «አይችልም» ልንለው ነው? ፓምፑን ላይፈልገው ይችላል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ፣ የጋራው ቆጣሪ አምፖል ብቻ የሚያበራውንም ወደ ውዱ እርከን ይጎትተዋል፤ ለብቻው ቢሆን ቅናሽ ያገኝ ነበር። በሌላ በኩል የሽቦውና የመስመር ዝርጋታው ወጪ የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም። ብሬከሩ በእኩለ ሌሊት ሲወድቅ ኤሌክትሪሻን የሚጠሩትም እስካሁን አከራይዋ ነበሩ።

የስኮትላንድ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የገቢና ወጪ ዘገባ ያው የአከራይዋ ወረቀት ነው። የብሪታንያ የመከላከያ ወጪና የብድር ወለድ በሕዝብ ብዛት ተካፍሎ የስኮትላንድ ድርሻ ተብሎ ይመዘገብበታል። ከገቢውም ከፊሉ ግምት ነው፤ እኛ የመንግሥት ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች ይህንን በግርጌ ማስታወሻ እንጽፋለን፣ የሚያነበው ግን የለም። ነፃ የወጣች ስኮትላንድ ምን ያህል ጦር እንደምትይዝ፣ ከዕዳውም ስንቱን እንደምትረከብ የሚወሰነው በድርድር ነው።

የነፃነት ደጋፊዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ስህተት አልራቁም። እነሱ ደግሞ በሰሜን ባሕር ነዳጃቸው ይምላሉ። በ2014 (ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አጋማሽ ላይ አንድ በርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር። በመስከረም በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የስኮትላንድ ሕዝብ 55 በመቶ ለ45 በመቶ «አንገነጠልም» አለ፤ በጥር 2016 ዋጋው ከ30 ዶላር በታች ወረደ።

በተንታኙ መለኪያ ቢሆን ቦትስዋና ወድቃ ነበር። በ1966 ነፃ ስትወጣ በጀቷ የሚሞላው በእንግሊዝ ድጎማ ነበር። በማግስቱ ዓመት ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘ፤ በ1969 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ያላትን የጉምሩክ ኅብረት ውል እንደገና ተደራድራ ገቢዋን አሻሻለች። (ዕድል አልነበረበትም አልልም። አልማዝ ያገኘ ሁሉ ግን ቦትስዋና አልሆነም።) ደቡብ ሱዳን በተቃራኒው ታልፍ ነበር፤ ከካርቱም ጋር የምትካፈለው የነዳጅ ገቢ ከ2011 በኋላ የራሷ ሆነ። ሆኖም የመንግሥት ገቢዋ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በአንድ ሸቀጥ ላይ ቆሟል፤ ቧንቧውም የሚያልፈው በሱዳን ነው። በጥር 2012 በማስተላለፊያ ክፍያ ሲጣሉ ጉድጓዶቿን በራሷ እጅ ዘጋች።

ራስን መቻል ሁሉን በጓሮ ማብቀል የሚመስለውም አለ። ጅቡቲ የምትበላውን ከሞላ ጎደል ከውጭ ታስገባለች። ከወደቧ የተነሳው የኮንቴይነር መኪና ሁሉ በደጃችን ሲያልፍ እናየዋለን፤ እንጀራዋ እሱ ነው። ፍራንኳም ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ቆሟል። ትንሽ ኢኮኖሚ የሚለካው ከውጭ የሚገዛውን የሚከፍልበት ምንዛሪ በማግኘቱ ነው፤ ያም ምንዛሪ ከአንድ በር ብቻ የማይመጣ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የመገበያያ ገንዘብ ጥያቄ ነው፤ በ2014ቱ የስኮትላንድ ክርክርም በሰፊው ተነስቶ ነበር። ከቼኮዝሎቫኪያ ፌዴራል በጀት ድጎማ ትቀበል የነበረችው ስሎቫኪያ ጥር 1 ቀን 1993 ከቼክ ስትለይ፣ የጋራ ገንዘባቸው ኮሩና ቢያንስ ለስድስት ወር እንዲቆይ ተስማምተው ነበር። ያመነው ግን አልነበረም። ሰው ገንዘቡን ወደ ቼክ ባንኮች አሸሸ፤ የካቲት 8 ገንዘቡ ተለየ። አዲስ ኖት እስኪታተም ድረስም በአሮጌው ላይ ቴምብር እየለጠፉ ተገበያዩ። ድጎማው የቀረባት ስሎቫኪያ በ2009 ዩሮን ተቀበለች። ድጎማ ስትሰጥ የነበረችው ቼክ እስከ ዛሬም በኮሩናዋ ነው የምትገበያየው።